የአዳምሰን ቀለበት እና የደኪንፊልዱ የቦይለር ፋብሪካ

ጥያቄው፦ «በሜካኒካል ምህንድስና ስለ ላንክሻየር ቦይለር ስንማር የአዳምሰን ጆይንት የሚባል ነገር በአንድ ሥዕል ታይቶ ይታለፋል። አዳምሰን ሰው ነው ወይስ ድርጅት? ጆይንቱ ለምን አስፈለገ? ድርጅቱስ ከዚያ ሌላ ምን ሠራ? ዛሬ አሮጌ ቦይለር ላይ ቢያጋጥም ምን ምኑ መታየት አለበት?»

መልስ፦

አዳምሰን ሰውም ድርጅትም ነው። ሰውየው ዳንኤል አዳምሰን በ1820 በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ ሺልደን በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሺልደን የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር መነሻ ስለነበረች የሎኮሞቲቭ ሥራ መንደር ነበረች ማለት ይቻላል። አዳምሰን በ1835 በባቡሩ የሎኮሞቲቭ ኃላፊ በቲሞቲ ሃክዎርዝ ሥር ሥራ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ ሙያውን እዚያው ጨርሶ ወደ ኃላፊነት ደረጃ ደረሰ። ከዚያ ወደ ማንችስተር አካባቢ ወርዶ በ1851 በሃይድና በደኪንፊልድ መካከል የኒውተን ሙር ብረታ ብረት ፋብሪካን አቋቋመ። ትንሽ ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ሞተርና ቦይለር የሚሠራውም በሃክዎርዝ ንድፍ ነበር።

ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በዚያ ዘመን ላንክሻየርና ቼሻየር የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ያልተተከለበት ወንዝ ዳር አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ እንፋሎት ይፈልጋል። ዊልያም ፌርቤርንና ጆን ሄዘሪንግተን በ1844 የፓተንት መብት ያወጡበት ላንክሻየር ቦይለር ያን ጊዜ ገና በመስፋፋት ላይ ነበር። ኋላ ላይ የተለመደው ትልቁ መጠን 30 ጫማ ርዝመት (9.1 ሜትር) በ8 ጫማ ስፋት (2.4 ሜትር) ነው። በገላው ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ ሁለት የእሳት ቱቦዎች ያልፋሉ፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከሰል የሚነደው በቱቦዎቹ የፊት ክፍል በተዘረጋው ፍርግርግ ላይ ነው። ጭሱ በቱቦው እስከ ኋላ ሄዶ በጡብ ቦይ በገላው ሥር ወደ ፊት ይመለሳል፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ጎኖች በኩል እንደገና ወደ ኋላ ሄዶ በጭስ ማውጫው ይወጣል።

አደጋው ያለው በቱቦዎቹ ላይ ነው። የቦይለሩ ገላ ግፊቱን የሚቀበለው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ላሜራው ይወጠራል፤ ክብነቱ ትንሽ ቢጎድልም ግፊቱ ራሱ ወደ ክብ ይመልሰዋል። የእሳት ቱቦው ግን በውሃው መካከል ተኝቶ ግፊቱን ከውጭ ነው የሚሸከመው። አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠፍጠፍ ያለ እንደሆነ ግፊቱ ያንን ጉድለት ያባብሰዋል፤ ቱቦው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ መገጣጠሚያው ይቀደድና በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ በከፊል በቅጽበት ወደ እንፋሎት እየተለወጠ በእሳቱ በር በኩል ይፈነዳል። ለዚህ ነው በማንችስተር አካባቢ በየጊዜው ሰው ይሞት የነበረው፣ ለዚህም ነው በ1854 ፌርቤርን ከመሩት ሰዎች አንዱ የሆነበት የቦይለር ፍተሻ ማኅበር የተቋቋመው።

ርዝመቱ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ማየት ይበጃል። ፌርቤርን በ1858 ባሳተመው ሙከራ ቱቦውን የሚያስጎነብሰው ግፊት ከላሜራው ውፍረት ጋር በፍጥነት እንደሚጨምር (ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ከአራት እጥፍ በላይ)፣ ከርዝመቱና ከስፋቱ ጋር ግን በዚያው ልክ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በሱ ቀመር 36 ኢንች ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ 3/8 ኢንች (9.5 ሚሊ ሜትር) የሆነ፣ 30 ጫማ ያለምንም ድጋፍ የተዘረጋ ቱቦ በ87 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ ማለትም በ6 ባር ገደማ ይሰረጉዳል። ይህ የመጥፊያው ግፊት ነው፤ ለደኅንነት ሲካፈል የሚቀረው የሥራ ግፊት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይኸው ቱቦ በየ3 ጫማው ጠንካራ ቀለበት ቢደረግለት ቀመሩ አሥር እጥፍ፣ 870 ፓውንድ ይሰጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህን ያህል አጭር ርዝመት ቀመሩ ያጋንናል። የተቀጠቀጠ ብረት በ30,000 ፓውንድ ገደማ ውጥረት መለወጥ ስለሚጀምር ላሜራው ሳይጎነብስ አስቀድሞ በ600 ፓውንድ አካባቢ ራሱ ይሸነፋል። ያም ሆኖ ልዩነቱ ግዙፍ ነው። ቱቦውን መቆራረጥና በየመሃሉ ማጠንከር ብረት ከማወፈር ይበልጣል። ላሜራ ማወፈር ደግሞ ሙቀት ማስተላለፉን ያከብደዋል፣ በእሳት በኩል ያለው ፊት ይበልጥ ይግላል።

አዳምሰን መፍትሔውን ያገኘው ሙከራው ከመታተሙ በፊት ነው፤ ፓተንቱን ያወጣው በ1852፣ ፋብሪካው በተከፈተ በዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ ቱቦው የሚሠራው የአንዱን ቁራጭ ጫፍ በሌላው ላይ ደርቦ በሪቬት (ላሜራዎችን አጣብቆ በሚይዝ ባለ ራስ የብረት ችንካር) በመምታት ነበር። በዚህ አሠራር የተደረበው ላሜራ ሁለት እጥፍ ወፍራም ሆኖ የሪቬቱ ራስ እሳቱ ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ሊያቀዘቅዘው ስለማይደርስ ራሱ ይቃጠላል፣ ከሪቬት ቀዳዳው እስከ ላሜራው ጠርዝ ስንጥቅ ይወጣል፣ ከዚያ ያፈሳል።

አዳምሰን ያደረገው ይህ ነው። ቱቦውን ሦስት አራት ጫማ በሚሆኑ ቁራጮች ሠራው። የእያንዳንዱን ቁራጭ ሁለት ጫፍ በእሳት አግሎ ወደ ውጭ፣ ወደ ውሃው በኩል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አጠፈው፤ ይህ ፍላንጅ ነው። የሁለት ጎረቤት ቁራጮች ፍላንጆች ፊት ለፊት ሲገጠሙ በመካከላቸው ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት ይገባል፣ ሪቬቱም በሦስቱ ውስጥ ያልፋል። የአዳምሰን ጆይንት ወይም የአዳምሰን ቀለበት የሚባለው ይህ መገጣጠሚያ ነው። ሥዕሉ ላይ ስታዩት ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ምት ግን ሦስት ችግር ይፈታል። ቆመው የተጣመሩት ፍላንጆች ቱቦውን እንዳይጎብጥ የሚይዙ ቀለበቶች ሆኑ። ሪቬቱ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገባ፣ እሳት አያየውም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፦ ቱቦው ከገላው ይበልጥ ይግላል። ልዩነቱ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ቢሆን እንኳ 9.1 ሜትር ቱቦ ከገላው በ5 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ይህ መርዘም መውጫ ካጣ የፊትና የኋላ ክዳኖችን ገፍቶ ያሰነጥቃል። የፍላንጆቹ ክብ መታጠፊያ ግን ጥቂት ጥቂት እየተሳበ መርዘሙን በየመገጣጠሚያው ይከፋፍለዋል።

መካከል የገባው ቀለበት ለጥንካሬ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ፍላንጆች በቀጥታ ቢገጠሙ ክብ መታጠፊያቸው በእሳቱ በኩል ስለታማ ሸለቆ ይፈጥራል፤ ያንን ሸለቆ በደነዘ መሮ እየመቱ ማጥበቅ አይቻልም። ቀለበቱ ሲገባ ግን የሚመታ ጠርዝ ይገኛል፤ ከእሳቱም ከውሃውም በኩል ማጥበቅ ይቻላል። በኋላ የወጡት የእንግሊዝ የቦይለር ደንቦች ልኩን እስከዚህ አደረሱት፦ የመታጠፊያው ክብ ሬዲየስ በእሳት በኩል 1½ ኢንች አካባቢ፣ የፍላንጁ ቁመት የሪቬቱ ስፋት ሦስት እጥፍ ሲደመር 1½ ኢንች፣ ከሪቬት ቀዳዳው እስከ ፍላንጁ ጠርዝ ከሪቬቱ ስፋት ያላነሰ፣ የቀለበቱ የእሳት ጠርዝ ደግሞ መታጠፊያው በሚጀምርበት መስመር ላይ የሚያበቃ። የመጨረሻው ልክ ጥብቅ የሆነበት ምክንያት አለ፤ ቀለበቱ ከዚያ አልፎ ወደ እሳቱ ከወጣ ውሃ የማይደርስበት ብረት ስለሆነ ይቃጠላል።

የድርጅቱ የቀረው ታሪክ ሁሉ ከዚህ መገጣጠሚያ ይመነጫል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1850ዎቹ ላሜራ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ በውስጡ የብረት አተላ እንደ ክር ተዘርግቶ ይቀራል፣ በርዝመቱ ጠንካራ ሆኖ በጎኑ ግን ይደክማል። እንዲህ ያለው ላሜራ ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ ንብርብሩ ይገለጣል ወይም ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአዳምሰን ቀለበት የሚሠራ ሰው ጥሩ ላሜራ ማግኘት ግዴታው ነው። አዳምሰን ሄንሪ ቤሰመር ያወጣውን አዲስ አረብ ብረት ለቦይለር ከተጠቀሙት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው፤ ጅምሩ ከ1850ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ኢንጂነሮች አረብ ብረትን አያምኑትም ነበር፤ በሥራ ላይ እያለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰነጠቃል ይሉ ነበር። ቅሬታው ባዶ አልነበረም። ችግሩ ግን በአብዛኛው ከብረቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነበር፣ አዳምሰንም ያንን በሥራ አሳየ።

ዋናው የቀዳዳው ጉዳይ ነው። የሪቬት ቀዳዳ በፓንች በጉልበት ሲበሳ የቀዳዳው ዙሪያ ይጠነክራል፣ ተሰባሪም ይሆናል፤ ጥቃቅን ስንጥቅም ይጀምራል። ለስላሳው የተቀጠቀጠ ብረት ይህንን ይችለዋል፣ አረብ ብረት ግን አይችለውም። በዚያ ላይ ሁለት ላሜራ ለየብቻው ተበስቶ ሲገጠም ቀዳዳዎቹ ልክ አይገናኙም፤ ሠራተኛው ሾጣጣ ብረት በመዶሻ እያስገባ በግድ ያስተካክላቸዋል፣ ብረቱም ሥራ ሳይጀምር ይጎዳል። በአዳምሰን ፋብሪካ ላሜራው መጀመሪያ ወደ ክቡ ይታጠፋል፣ በቦታው ይገጠማል፣ ከዚያ ሁለቱም ላሜራ በአንድነት በትራፓኖ ይበሳል። ከዚያ ተለያይቶ በቀዳዳው ጠርዝ የቀረው ሻካራ ብረት ይጸዳና እንደገና ተገጥሞ ሪቬቱ ይመታል። ጊዜ ይወስዳል፣ ይወደዳልም፤ ግን ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር በትክክል ይገጥማል፣ ሪቬቱም ቀዳዳውን ሞልቶ ይቀመጣል።

ሁለተኛው የሙቀቱ ጉዳይ ነው። አዳምሰን በ1878 ለብረትና አረብ ብረት ማኅበር ባቀረበው ጥናት ብረቱ ቀይ ሳይግል፣ ሲፈተግ ሰማያዊ ቀለም በሚያሳይበት ሙቀት ላይ እያለ ማጠፍ አደገኛ መሆኑን አሳሰበ። ይህ ሙቀት ከ200 እስከ 370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ደረጃ አረብ ብረት ከቀዝቃዛውም ከቀይ ትኩሱም ይልቅ ይሰበራል። ፍላንጅ የሚያጥፍ ሰው «ገና ትኩስ ነው» ብሎ ቀይነቱ የጠፋውን ላሜራ ትንሽ ቢያስተካክል ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ወይ ቀይ ትኩስ ሆኖ ይታጠፍ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ዛሬም በአንጥረኛ ቤትም ሆነ በብየዳ ቤት ይኸው ይሠራል።

ላሜራውን ከሌላ ገዝቶ ከማመን ይልቅ ራሱ ወደ ማምረቱም ገባ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ በዮርክሻየር ፔኒስተን በቤሰመር ዘዴ የሚሠራ የአረብ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያ ፋብሪካ በቶሎ ለቻርልስ ካሜል ድርጅት ተሸጠ። በሊንከንሻየር ፍሮዲንግሃም ደግሞ ማዕድን በሚወጣበት ቦታ የብረት ማቅለጫ ድርጅት መሠረተ። በ1872 ዋናው የቦይለር ሥራ በደኪንፊልድ፣ ጆንሰን ብሩክ መንገድ ላይ ወደ ተሠራው ትልቅ ፋብሪካ ተዛወረ። ከዚያ የወጡት ቦይለሮች ወደ ብዙ አገር ተልከዋል።

ስለ ሞተሮቹ አጭር እሆናለሁ። ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቦይለር ካለ እንፋሎቱን በአንድ ሲሊንደር ብቻ ማስፋት ብክነት ነው። አዳምሰን በ1861 እንፋሎቱ ተራ በተራ በሦስት ደረጃ የሚሰፋበትን፣ በ1873 ደግሞ በአራት ደረጃ የሚሰፋበትን የፋብሪካ ሞተር ሠራ። ባለ ሦስት ደረጃው አሠራር በመርከብ ላይ የተለመደው ከ1880ዎቹ ወዲህ ስለሆነ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ግን ያስቻለው ቦይለሩ ነው።

ብዙ የማንችስተር ሰው አዳምሰንን የሚያውቀው በቦይለር አይደለም። በጁን 27 ቀን 1882 በዲድስበሪ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ የአካባቢውን ከንቲባዎችና ነጋዴዎች ሰብስቦ ከባሕር እስከ ማንችስተር መርከብ የሚያስገባ ቦይ እንዲቆፈር ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። የጥጡ ንግድ ለሊቨርፑል ወደብና ለባቡር ድርጅቶች ከፍተኛ ክፍያ ይከፍል ነበር። ሕጉ በፓርላማ ሁለት ጊዜ ወድቆ በ1885 በሦስተኛው አለፈ። አዳምሰን የቦዩ ድርጅት የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ነበር፤ በ1887 ገንዘብ አሰባሰቡ ላይ በተነሳ አለመግባባት ኃላፊነቱን ለቀቀ፣ በጃንዋሪ 1890 ሞተ። ቦዩ ለመርከብ የተከፈተው በ1894 ነው፤ ማየት አልታደለም። ለከተማዋ ይህን ያህል የደከመ ሰው ስሙ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ የመገጣጠሚያ ሥዕል ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል።

ፋብሪካው ከሱ ሞት በኋላም ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘልቆ ቦይለር መሥራቱን ቀጠለ። እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። የወንድሙ ልጅ ጆሴፍ አዳምሰን በ1874 በዚያው በሃይድ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ቦይለርና ክሬን ይሠራ ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ቦይለር የስም ሰሌዳ ላይ «አዳምሰን» የሚል ስም ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም፤ ዳንኤል ወይስ ጆሴፍ፣ ደኪንፊልድ ወይስ ሃይድ የሚለው መነበብ አለበት። የአዳምሰን ቀለበት ያለው ቦይለር ሁሉ ደግሞ ከሁለቱ ፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ የፓተንቱ ዘመን ካለፈ በኋላ የላንክሻየር ቦይለር ሠሪ ሁሉ ቀለበቱን ተጠቅሞበታል።

የተወዳደሩት ሁለት መፍትሔዎች ነበሩ። አንደኛው የቦውሊንግ ቀለበት ነው፤ ክቡ ወደ ውጭ ያበጠ ቀለበት በሁለቱ ቁራጮች ጫፍ ላይ ተደርቦ ይመታል። ለመሳብ ጥሩ ነው፤ በሪቬት ዘመን ግን ሁለት ረድፍ ሪቬት እሳት ውስጥ ስለሚያስቀር ከአዳምሰን ያንሳል። ብየዳ ሲመጣ ይህ ድክመት ጠፋ፤ ስለዚህ በዘመናዊ ቦይለሮች ላይ ዛሬም ይገኛል። ሁለተኛው የሊድሱ ሳምሰን ፎክስ በ1877 ፓተንት ያወጣበት ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ቱቦ ነው። ቱቦው በሙሉ ርዝመቱ ሞገድ ስለሆነ ራሱ ጠንካራም ተሳቢም ነው። ዛሬ በቢራ ፋብሪካም ሆነ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለ ሦስት ዙር የእሳት ቱቦ ቦይለር ተከፍቶ ሲታይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ላንክሻየር ቦይለርን ከገበያ ያስወጣው ግን የቱቦው ዓይነት አይደለም፤ መጠኑ ነው። ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ለማሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ትልቅ የጡብ ሥራ ይጠይቃል፤ በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚመጣ ትንሽ ቦይለር ይህን ሁሉ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ። ቦይለሩ አሮጌ ከሆነ ከሁሉ በፊት የውጭ መሸፈኛውን አይንኩ፤ የዚያን ዘመን መሸፈኛ በአብዛኛው አስቤስቶስ ነው፣ አቧራው ሳንባ ያጠፋል፣ በባለሙያ መነሳት አለበት። ውሃውን ትኩስ ሳለ አያፍስሱ፤ ጡቡ ሙቀቱን ለቀናት ስለሚይዝ ባዶውን ገላ ያግለዋል፣ በላሜራው ላይ ያለው የውሃ ቅርፊትም ደርቆ ይጋገራል። ቀስ ብሎ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። ከሌላ ቦይለር ጋር በአንድ የእንፋሎት መስመር ከተገናኘ ቫልቭ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ ተፈቶ በጭፍን ፍላንጅ ይዘጋ። ሰው ከመግባቱ በፊት አየሩ ይፈተሽ፣ በር ላይም ሌላ ሰው ይቁም።

በእሳት ቱቦው ውስጥ መጀመሪያ የሚለካው ክብነቱ ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ መካከል ከላይ ወደ ታችና ከግራ ወደ ቀኝ ይለኩ፣ ከጎረቤቱ ቁራጭ ጋር ያነጻጽሩ። ከፍርግርጉ በላይ ያለው ጣሪያ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አንድ ጊዜ ውሃ ጎድሎ ወይም በላዩ ቅርፊት ተከምሮ ግሏል ማለት ነው። ቀጥሎ በቀለበቱ ዙሪያ ነጭ የጨው መስመር ይፈለግ፤ ነጩ መስመር ቀስ በቀስ የሚያፈስ ቦታ ነው። በመታጠፊያው ላይ፣ በእሳቱም በውሃውም በኩል፣ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ሊኖር ይችላል፤ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚታጠፈው እዚያ ነው። በዓይን ስለማይለይ ላሜራው ተጠርጎ በቀለም ፈሳሽ ይፈተሽ። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካ፤ በተለይ ከቱቦው በታች ጭቃ በሚቀመጥበትና ገላው በጡብ ላይ በሚያርፍበት መስመር፣ ምክንያቱም በጡቡ የሚሰርግ እርጥበት ላሜራውን ከውጭ ይበላዋል።

የሚያፈስ የሪቬት መገጣጠሚያ ሲገኝ በብየዳ መለሰን ብዙ ጊዜ የሚመጣ ሐሳብ ነው፣ አይደረግም። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ጎረቤት ሪቬቶችን ያላላል፤ የተቀጠቀጠ ብረት ከሆነ ንብርብሩ ይከፈታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሚያፈሰው ቦታ በውሃው ውስጥ ያለውን ኮስቲክ ሶዳ በላሜራዎቹ መካከል አከማችቶ ከሪቬት ቀዳዳ ወደ ሪቬት ቀዳዳ ስንጥቅ አዘጋጅቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ብየዳው ምልክቱን ሸፍኖ ስንጥቁን ውስጥ ይተወዋል። ጥቂት ሪቬቶች ወጥተው ቀዳዳቸው ይመርመር። ግፊት የሚሞከረው ፈቃድ ባለው የቦይለር ፈታሽ ፊት፣ እሱ በሚወስነው ልክ፣ አየሩ በሙሉ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው፤ በአየር ወይም በእንፋሎት በፍጹም አይሞከርም። ግፊቱ እንደተያዘ የቱቦው ስፋት በነዚያው ነጥቦች ይለካ፣ ሲለቀቅ ደግሞ እንደገና። ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ልኩ ያልተመለሰ ቁራጭ ካለ ቦይለሩ ለሥራ አይበቃም።